በጎማውና በዘንጉ መሀል

መርሳ ከተማ ውስጥ ሴት ልጅ ሞተር ሳይክል ላይ ስትወጣ ሰው ቆሞ በሚያይበት ጊዜ እኔ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር እነዳ ነበር። ያውም ደህና ሞተር መሰላችሁ? አባታችን ከመንግሥት ጨረታ ገዝቶ ያመጣት፣ በዕድሜ ታላቄ የምትሆን፣ ጎኗ ላይ የቆርቆሮ መቀመጫ የተለጠፈባት አሮጊት ነበረች። ከተማው ያን መቀመጫ አይቶ «ባለ ቅርጫቷ» የሚል ስም አወጣላት። ገበያተኛው ከሩቅ ሲያየን «ባለ ቅርጫቷ መጣች፣ ዘወር በሉ!» ይላል። ጥሩምባዋ ስለማይሠራ እኔ በአፌ እየተሳደብኩ መንገድ አስለቅቃለሁ። አፏ ከጥሩምባ ይብሳል ይሉኛል፤ ይበሉ።

ቅርጫቱ ውስጥ የሚቀመጠው ታናሽ ወንድሜ ነው። በልጅነቱ ፖሊዮ እግሮቹን ስላሰለላቸው አይራመድም። መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው፤ የእኔ ልብስ ስፌት ቤት ከእሱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጠዋት አብረን እንወጣለን፣ ማታ አብረን እንገባለን። አባትና እናታችን ካለፉ ወዲህ እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔ ባል አላገባሁ፣ እሱ ሚስት አላገባ፤ የምንጣላበት ነገር ግን ሞልቶናል።

የወንድሜን ጠባይ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ሁለት ነገር አይወድም፤ ሰው ሲሸከመውና ሰው ሲስቅበት። አንድ ቀን መናኸሪያው ላይ አንድ ደላላ ሳይጠይቀው «ና ልርዳህ» ብሎ ብድግ ቢያደርገው፣ ኪሱ ውስጥ በነበረችው ካቻቢቴ ጭኑን ወጋው። ደላላው እያነከሰ ሲሄድ «አሁን እኩል ሆንን» አለው። እሱ በሰው ላይ መቀለድ ይችልበታል። ሲቀለድበት ግን ፊቱ ይጠቁርና ለቀናት አያናግርም። ቅርጫቱ ውስጥም በራሱ ክንድ ተንጠላጥሎ ነው የሚገባው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ወደ ሌላ አቅጣጫ አያለሁ።

የከተማችን ሞተሮች ሁሉ በሰንሰለት ነው የሚሄዱት። የእኛዋ ሰንሰለት የላትም። ከካምቢዮዋ አንድ የብረት ዘንግ ይወጣና በጎን በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጎማው ሥር ያለውን የማርሽ ቤት ያዞራል፤ ማርሽ ቤቱ ጎማውን ያዞራል። ዘንጉ ከማርሽ ቤቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ክሮቼራ የሚሉት መስቀል የመሰለ መጋጠሚያ አለ። ጎማው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ዘንጉ እንዳይሰበር እየተጣጠፈ የሚያዞረው እሱ ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ «የዚች ሞተር ወገቧ ክሮቼራዋ ነው» ይለን ነበር። ልብ ብለን አንሰማውም ነበር።

ጦርነቱ መጀመሪያ ወደ እኛ በመጣበት ክረምት፣ ወሬው ገና ከወልድያ ወዲያ ሳለ፣ ወንድሜ «እንበትናት» አለኝ። የታጠቀ ሁሉ የሚሄድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ መኪናም ሞተርም ከቆመበት እየተነሳ ይወሰዳል። ባለ ቅርጫቷ ከተወሰደች ደግሞ ወንድሜ ለሁለተኛ ጊዜ እግሩን አጣ ማለት ነው። እኛ አገር ክፉ ቀን ሲመጣ ንብረት አንድ ቤት አይቀመጥም። እህሉ እዚህ ዘመድ ጋ፣ በሬው እዚያ ወዳጅ ጋ በአደራ ይበተናል። እኛም ሞተሯን እንደዚያው አደረግናት። የኋላ ጎማዋን ሲሪንቃ ያለችው አክስታችን ወሰደች። ካርቡሬተሯን ጎረቤታችን የዱቄት ማሰሮዋ ውስጥ ቀበረችው። ዘንጓን ከነክሮቼራዋ የአባታችን የልጅነት ወዳጅ የሆኑ፣ ግራና የሚባል አገር የሚኖሩ ገበሬ ተረከቡ። የቀረው አካሏ ጓሮ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት መስሎ ተቀመጠ።

«አንተስ በምን ልትወጣ ነው?» አልኩት።

«እኔን ደግሞ ማን ይሰርቀኛል?» አለኝ።

እኔ ለሱቁ ክርና ገበር ልገዛ ደሴ በሄድኩበት መንገዱ ተዘጋ። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ። የመርሳ ሰው ጨርቄን ማቄን ሳይል ሲወጣ ጎረቤቶቻችን ወንድሜን «በየተራ ተሸክመን እንወስድሃለን» ብለውት ነበር። «ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ብሎ መለሳቸው። እኔ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስሰደድ እሱ ያን ሁሉ ወራት ቤቱ ውስጥ ብቻውን ከረመ። መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ በአጥንቱ ቀርቷል። ምን እንዳየ፣ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በር ተዘግቶ መቀመጥ አይችልም። ዝናብ እየገባ እንኳ በሩ ክፍት ይሆናል። እኔ ውኃውን እየጠረግሁ በሆዴ አለቅሳለሁ፣ በአፌ ግን እሳደባለሁ። ያን ጊዜ በአባቴ አጥንት ማልኩ፤ ሌላ ጦርነት ቢመጣ ይህ ልጅ ከኋላ አይቀርም። ሰው እንዲሸከመው እንደማይፈቅድ ደግሞ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚያወጣው ባለ ቅርጫቷ ብቻ ናት።

የሚገርመው ነገር ከተበተነው ዕቃ አንድም አልጠፋም። አክስታችን ጎማውን ራሷ እያንከባለለች አመጣችው ብል ማን ያምነኛል? ጎረቤታችን ካርቡሬተሩን ከነዱቄቱ መለሰችልን። ዘንጉን የግራናው ሽማግሌ ሚስት በገበያ ቀን በፎጣ ጠቅልለው ይዘውት መጡ፤ በኑግ ዘይት ተወልውሎ ያብለጨልጫል። «እሱ እህል መሰብሰብ ላይ ስለሆነ ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል» አሉን። ገጣጠምናት፣ ነዳጅ ጠጣች፣ ተነሳች። እኔም እልል አልኩ፣ እሱም ቅርጫቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

ክረምቱ ዞሮ ሲመጣ ነው ድምፁ የጀመረው። ስትነሳ «ቋ!» ትላለች። ጋዙን ስለቅ ደግሞ እንደገና «ቋ!»። መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፣ በኋላ ግን በየመታጠፊያው ሆነ። ያኔ ደግሞ የሁለተኛው ዙር ወሬ መናፈስ ጀምሯል። ገበያ ላይ ሰው የሚጠይቀው የሽንኩርት ዋጋ ሳይሆን «ቆቦ እንዴት አደረ?» የሚለውን ነው። ሞተሯ «ቋ» ባለች ቁጥር የወንድሜ ዓይን ወደ እኔ ይመጣል። ምንም አይልም። ዝም ሲል ነው የምፈራው።

ወልድያ ይዤያት ሄድኩ። እዚያ የታወቀ መካኒክ አለ፤ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። ገና ከሞተሯ ሳልወርድ የኋላ ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ አዞረው። «ቋ፣ ቋ» አለ።

«ዲፈረንሻሏ አልቋል» አለኝ።

«ሌላውን ሳታይ?»

«እኔ በጆሮዬ ነው የማየው፣ እናቴ። ማርሽ ቤቱ ተፈትቶ አዲስ አበባ ይላካል። እስከዚያ ሞተሯን እዚሁ ተያት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ምን ያስቸኩልሻል? ይህች እኮ ከእኔም ከአንቺም በኋላ ትኖራለች!»

ደሜ ፈላ። የሚያስቸኩለኝን ብነግረው ይገባው ነበር፤ መጥፎ ሰው አይደለም። ግን ሰው ፊት ወንድሜን የሚያሳዝን አድርጌ መናገር አልወድም። «ጆሮህን ታጠበው!» ብዬው ሞተሯን አስነስቼ እያንቋቋሁ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

ወንድሜ የሆነውን ሲሰማ ትንሽ አሰበና «ጠመኔሽን አምጪ» አለኝ።

«የቱን ጠመኔ?»

«ልብስ የምታሰምሪበትን ነዋ! ሬዲዮ ሲበላሽ እኔ ሁሉንም አልፈታም። ድምፁ የት ድረስ እንደደረሰና የት ላይ እንደጠፋ ነው የምፈልገው። ይህቺም ያው ናት። ጉልበቱ ከካምቢዮ ተነስቶ ጎማ እስኪደርስ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። የት እንደሚጠፋ እንወቅ።»

ጠዋት ጓሮ ውስጥ ሞተሯን እንጨት ላይ አቁመን የኋላ ጎማዋን ከመሬት አነሳነው። ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነው። ጆንያ አነጠፍኩለትና በሆዱ ተኛ፤ ፊቱ ከዘንጉ ሥር ሆነ። እኔ ከጎማው ኋላ ተንበረከክሁ።

«መጀመሪያ ጎማውን ከላይና ከታች ያዥና ወደ ጎን ወዝውዢው» አለኝ። ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም። «ጎሽ፣ የጎማው ኩሽኔታ ጤነኛ ነው። አሁን ማርሽ አስገቢባትና ወደፊትና ወደኋላ አዙሪው። በኃይል ሳይሆን ቀስ ብለሽ፣ ድምፁ እስኪመጣ ብቻ።»

አዞርኩት። ጎማው ጥቂት በነፃ ይሄድና «ቋ» ብሎ ይቆማል። ወደኋላ ስመልሰው እንደዚያው። በጎማው ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። እንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተር ጥቂት መላላት አያጣትም፤ አባታችንም ይህን ነግሮናል። ይህኛው ግን ጣቴን አስገብቶ የሚያስወጣ ክፍተት ነው።

ቀጥለን ዘንጉ ላይ ከካምቢዮው በሚወጣበት ጫፍ ሌላ መስመር አሰመርን። «አዙሪ» አለኝ። አዞርኩ።

«ጎማው ሄደ?»

«ሄደ።»

«ዘንጉ አልተነቃነቀም። ድገሚው።»

ደገምኩት። ጎማው ያን ክፍተት ጨርሶ «ቋ» ሲል ብቻ ነው ዘንጉ ነቅነቅ የሚለው። ወንድሜ ከጭቃው ቀና ብሎ ሳቀ። «ካምቢዮው ነፃ ወጣ! ጥፋተኛው ከዘንጉ ወዲህ፣ ከጎማው ወዲያ ነው ያለው። ወይ ያንቺ ዲፈረንሻል ነው...»

«የእኔ አይደለም፣ የዚያ ጉረኛ ነው።»

«...ወይ ክሮቼራው ነው።»

የክሮቼራውን ክዳን ፈታነው። መስቀሉ በአንድ ወገን የዘንጉን ሹካ፣ በሌላ ወገን የማርሽ ቤቱን ሹካ ይዟል። ወንድሜ ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ ከአንደኛው ሹካ ወደ ሌላኛው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። «ጥፋቱ የማርሽ ቤቱ ከሆነ ይህ መስመር አይነካም፤ ጎማው ለብቻው ይጫወታል። የክሮቼራው ከሆነ ግን መስመሩ ይቆረጣል። አሁን የማርያምን ስም ጠሪና አዙሪ።»

ጠርቼ አዞርኩ። መስመሩ መሀሉ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። በማርሽ ቤቱ ወገን ያለው ሄደ፣ በዘንጉ ወገን ያለው ቆመ። ስመልሰው ገጠመ፣ ሳዞረው ተቆረጠ። ልብስ ስቆርጥ ጠመኔ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸም።

ፈትተን ስናወጣው መስቀሉ በእጃችን ላይ ተንቀጫቀጨ። ውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ ሮለሮች ነበሩበት፤ ግማሾቹ ተበልተዋል፣ ግማሾቹ የሉም። በመካከላቸው የተጋገረ ግራጫ ነገር አለ። ዝገት አይደለም፤ ዝገት ቀይ ነው። በጣቴ አሸት አሸት አደረግሁትና አሸተትኩት።

«አመድ ነው» አልኩ።

«የምን አመድ?»

የምን አመድ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በእኛ አካባቢ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ነቀዝ እንዳይበላው አመድ ይነሰንስበታል። የግራናው ሽማግሌ የአባታችንን ልጆች አደራ ተቀብለው፣ ቅባቱን ጠራርገው፣ የሞተር ዘንግ እንደ ዘር እህል አመድ ውስጥ ቀብረውታል! ሚስታቸው ሲያመጡት ከላይ አብለጭልጨውት ስለነበር ውስጡን አላየንም። አመዱ ከቅባት ጋር ተቦክቶ ወራቱን ሙሉ ብረቱን ሲፈጭ ከርሟል።

«ኧረ በስመ አብ! ጤነኛ ሰው ብረት ላይ አመድ ይነሰንሳል? ሰውየው ብረት ይበቅላል ብለው ነው? ቆይ ብቻ!» አልኩ። ወንድሜ «ተይ እታለም፣ አዛውንት ናቸው» ይላል። እኔ ምን ሰምቼ! ጦርነቱ ደጃፋችን ላይ ነው፤ ዕቃው ሰው ተልኮ ከአዲስ አበባ ካልመጣ የትም አይገኝም። ወንድሜ በዚያ ቤት ክፍት በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ታየኝ። በነጋታው ግራና በሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። የምናገረውን መንገድ ሙሉ በልቤ ስደረድር ሄድኩ።

ሽማግሌውን ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው። ሌላ ሰው እርፉን ይዞ ያርሳል፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎን ከጎን ይሄዳሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «የወዳጄ ልጅ! መርሐባ፣ መርሐባ!» እያሉ መጡና ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

እንዲህ ያለ ሰላምታ እኛ አገር ስድብ ነው። እሳቸው ደግሞ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ለሕፃን እንኳ በቀኝ እጅ ካልሆነ ምንም የማይሰጡ ሰው ናቸው። ቆሜ ቀረሁ።

«በግራ ሰላም ስልሽ አውፍ በይኝ ልጄ። ቀኙ እምቢ ብሎ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ቤት አስገቡኝ። ሚስታቸው የበቆሎ እሸት ጠብሰው አቀረቡ። ሽማግሌው ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ጓሮ ሲወጡ እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ ሚስቲቱ ቀደሙኝ።

«የታጠቁ ሰዎች ቤት ሲፈትሹ ያቺን ብረት ማሽላው ውስጥ አገኙበት» አሉኝ በዝግታ። «የመሣሪያ አካል ነው፣ ሌላውን አውጣ አሉት። የሞተር ናት ቢላቸው ሞተሩስ የት አለ ይሉታል። ሞተሩ ያለበት ቤት ደግሞ ያ ልጅ ብቻውን አለ። የወፍጮ ዘንግ ናት፣ ወፍጮው ድሮ ተሽጧል አላቸው። አላመኑትም። በራሷ በብረቷ ነው እጁን የሰበሩት። ሦስቱ ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም፤ እርፍ መጨበጥ አይችልም።»

«ብረቷንስ?» አልኩ።

«ጥለዋት ሄዱ። እሱ ተነስቶ በግራ እጁ አነሳት። ደሙን ከላይዋ ጠረገና አዲስ አመድ ነስንሶ መለሳት። ተው፣ እጅህን ላስርልህ ብለው አደራዋ ይቅደም አለኝ። ለእናንተ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር። እንግዲህ ጨነቀኝና ነገርኩሽ፤ እንዳትነግሪብኝ።»

እሸቱን ይዤ ቀረሁ፤ አልበላሁትም፣ አላስቀመጥኩትም። ሽማግሌው ተመልሰው ፊታቸውን በጋቢያቸው እያበሱ ተቀመጡ።

«ብረቷ እንዴት ናት ልጄ? እርጥበቱ አሳስቦኝ ነበር። አልዛገችም አይደል?»

«አልዛገችም አባባ» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ቅንጣት ዝገት አልነበረባትም። «እንዳስቀመጧት ነው ያገኘናት። እግዜር ይስጥልን።»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ። «ልጁ መንቀሳቀሻ ሲያጣ አባትሽ በመቃብሩ ያዝንብኛል ብዬ ነው።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሚስቲቱን «አልነግርም» አላልኳቸውም ነበር፤ ብላቸውም አልችልም። ስጨርስ የተበላውን መስቀል ከመሬት አነሳና በነጭ ጋዝ ያጥበው ጀመር። ሲያጥበው፣ ሲያጥበው ቆየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር አላየሁትም። ከዚያ ግሪስ ጠቅጥቀን መልሰን ገጠምነው፤ ሌላ ምን ምርጫ አለን? ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር አሮጌውን ሮለር ናሙና ሰጥተን ዕቃውን እንዲያመጣ ላክነው።

ሾፌሩ ሳይመለስ ጦርነቱ መጣ።

የቆቦ ሰው ወደ ወልድያ፣ የወልድያ ሰው ወደ እኛ ጎረፈ። መንገዱ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ ሰው ሆነ። የመርሳም ሰው ተነሳ። ወንድሜ በክንዱ ተንጠላጥሎ ቅርጫቱ ውስጥ ገባ፤ መሣሪያዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በሩን ሳንዘጋው ነው የወጣነው።

«ስሚኝ» አለኝ። «ክሮቼራውን የሚሰብረው ጉዞው አይደለም፣ መላላቱ ነው። ጋዙን በድንገት አትስጪ፣ በድንገት አትልቀቂ። ዘንጉ ሁልጊዜ ውጥር ይሁን። እንዲህ ካደረግሽ ደሴ ያደርሰን ይሆናል።»

አወቅሁበት። በስፌት መኪናዬ ክር እንደምወጥር አድርጌ ያዝኩት። ግን መንገዱ እሺ አይልም! ፊቴ አህያ ይቆማል፣ እቆማለሁ፤ «ቋ»። አሮጊት ትሻገራለች፤ «ቋ»። «ዘወር በሉ!» እያልኩ ብጮህ ማን ይሰማኛል፣ ሁሉም የራሱ ጭንቀት አለበት። በመጨረሻ መጮኼን ትቼ «በእናታችሁ፣ በእናታችሁ» እያልኩ መለመን ጀመርኩ። ውርጌሳ ሳንደርስ ካለው ዳገት ላይ አንድ ከባድ መኪና ፊታችን ቆመ። ቆምኩ። ስነሳ «ቋ» አላለችም፤ «ጠሽ!» አለች። ሞተሯ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም።

ወረድኩ። ሰው በግራና በቀኝ ያልፈናል። ወንድሜ ወደ ፊት እያየ «አንቺ ሂጂ» አለኝ። በረጋ ድምፅ ነው ያለኝ፣ ያን ጊዜ ጎረቤቶቹን እንደመለሰበት። «ዝም በል!» አልኩት። «ዝም በል፣ አንተ የማትረባ! ጥዬህ ከምሄድ ሰማይ ይደፋብኝ!» እምባዬ ወረደ፤ ሰው ያየኝ እንደሆነ ግድ አልነበረኝም።

«ባለ ቅርጫቷ! እናንተ ናችሁ እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። የወልድያው አጭር መካኒክ ነው፤ ከጥቂት ጎረምሶች ጋር ጆንያ ተሸክሞ ይወጣል። ጆንያውን ጥሎ ሞተሯ ሥር ተንበረከከ። «አላልኩሽም፣ ዲፈረንሻሏ ነው!» እያለ የክሮቼራውን ክዳን ከፈተ። የተሰበረውን መስቀል አወጣና በብርሃን አዟዟረው፤ ጥርሱን የሰበረው ነገር ያየ ይመስል ፊቱ ተጨማደደ።

«ኧረ ጉድ! ይህ በአገልግሎት አይደለም ያለቀው፤ ተፈጭቶ ነው። አሸዋ ነው ወይስ ምን ጨመራችሁበት?»

«አመድ ነው» አለ ወንድሜ።

«አመድ?» መካኒኩ ዙሪያውን ወደ ቆሙት ሰዎች ዞረ። ያ ረጅም ድምፁ ዳገቱን ሞላው። «እናንተ ስሙ! ክሮቼራ ላይ አመድ ተነስንሶ! ማነው እሱ ጅል? ማነው ይህን የሠራው? ስሙን ንገሩኝና ከነዘር ማንዘሩ ልስደበው!»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። ወንድሜ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ ነኝ። ነቀዝ እንዳይበላት ብዬ።»

ከዚያ መካኒኩ ጉልበቱን እየመታ ይስቅ ጀመር። ጎረምሶቹ ሳቁ። ልጅ ያዘለችው ሴት ሳቀች፣ አህያ የሚነዳው ሰውዬ «ነቀዝ! ሞተር ላይ ነቀዝ!» እያለ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ መንገድ ላይ ሲሳቅ ያን ጊዜ መስማቴ ነው። እኔ የወንድሜን እጅ ነበር የማየው፣ ካቻቢቴው ጭኑ ላይ አለና። እጁ አልተንቀሳቀሰም። ጆሮው ድረስ ቀልቷል፤ ቢሆንም አንገቱን ቀና አድርጎ ሳቁን እስከ መጨረሻው ተቀበለው።

«በል እሺ፣ የነቀዝ ጠባቂ» አለ መካኒኩ እምባውን እየጠረገ። «ዘንጉ ከተላቀቀ ጎማው በነፃ ይዞራል፣ ለመግፋት ይመቻል። ግን መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እህትህ ደግሞ ጉልበት አላት፣ ብትገፋ ይሻላል። ኮርቻው ላይ ላስቀምጥህ?»

ወንድሜ አየው። «አስቀምጠኝ» አለው፤ ክንዱንም በሰውየው አንገት ላይ ጣለ።

እሱ መሪውን ይዞ፣ እኛ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ገፋናት። ከመሪው ላይ ዞር ብሎ ጠራኝ።

«እታለም!»

«አቤት!»

«ይህን ወሬ ግራና ያደረስሽ እንደሆነ አልምርሽም። እሳቸው እስከሚያውቁት ድረስ ብረቷ ደህና ናት።»

«ደህና ናት» አልኩት፣ ትከሻዬን ቅርጫቱ ላይ አድርጌ እየገፋሁ።